የማንም ያልነበረው ትራክተር

በከተማችን ውስጥ ከሁሉ ሰው ይበልጥ ጥሩ የሚሸተው ባሌ ነው። ይህን የምለው ሚስቱ ስለሆንኩ አይደለም፤ ገበያ ውስጥ ያገኛችሁትን ሰው ጠይቁ። ሥራው የማዘጋጃ ቤቱን የቆሻሻ ትራክተር መንዳት ነው። ከጠዋት ጀምሮ ከሰፈር ሰፈር እየዞረ የሰውን ጥራጊ በተጎታቹ ጭኖ ከከተማ ውጪ ሲደፋ ይውልና፣ ቤት ከመግባቱ በፊት ግቢ ውስጥ የውሃ በርሜሉ አጠገብ ቆሞ በኦሞና በሎሚ ይታጠባል። ከዚያ ዓረብ አገር ያለችው ልጃችን የምትልክለትን ሽቶ ከአንገቱ እስከ ክርኑ ይቀባል። ትንሽ ጠብታ አይበቃውም። ሽቶው ለሠርግና ለኢድ የሚሆን ዓይነት ነው፤ እሱ ግን በአዘቦት ቀን ሽሮ ሊበላ ሲቀመጥ ይቀባዋል። ጎረቤቶቼ ነፋሱ ወደነሱ ሲነፍስ መግባቱን ያውቃሉ።

እኔ ጨርቅ ነጋዴ ነኝ። ሱቄ ከገበያው ታችኛው ረድፍ ላይ ነው። ነገር አያልፈኝም፣ ፊት ለፊት እናገራለሁ፣ ሲብስብኝም እጮኻለሁ። የሰፈሬ ሰዎች ለከተማው ምክር ቤት የመረጡኝ ለእውቀቴ ብለው እንዳልሆነ አውቃለሁ። ከሱቄ ፊት ለፊት ያለው የመንገድ መብራት ጠፍቶ የቀረ ጊዜ ማዘጋጃ ቤት ድረስ ሄጄ የጮህኩት መናኸሪያ ድረስ ተሰማ ይባላል። መብራቱ በራ፤ እኔም በዚያው ተመረጥኩ።

የተመረጥኩ ዕለት ባሌ የግቢውን በር ከፍቶ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ «የተከበሩ፣ ይግቡ» አለኝ። የምክር ቤት አባል «የተከበሩ» እንደሚባል ከሬዲዮ ሰምቶ ነው። ከዚያ ወዲያ ስሜን ረሳው። «የተከበሩ፣ ወጡ እያረረ ነው» ይላል። «የተከበሩ፣ ፍየሏ ገመዷን በጥሳ የጎረቤት ጎመን ውስጥ ገብታለች፤ በአጀንዳ ይያዝልን» ይላል። እኔ እቆጣለሁ፣ እሱ ይስቃል፤ ትዳራችን በአብዛኛው ይኸው ነው።

ይህ ሁሉ ጨዋታ ያለው ሰው ግን አንድ ነገር አይችልም። መጠየቅ አይችልም። ወጡ ውስጥ ጨው መጨመር ብረሳ የቀረበለትን አሟጦ በልቶ «አልሐምዱሊላህ» ብሎ ይነሳል። እኔ ኋላ ስቀምሰው ነው ጉዴን የማውቀው።

«ጨው የለውም እኮ! ለምን ዝም አልክ?»

«ኧረ አቦ፣ ለጨው ብለሽ ትጨነቂያለሽ እንዴ። ነገ ይኖረዋል።»

ጨርቅ ለማምጣት ደሴ ስወጣ ምን ልግዛልህ ብዬ ጠይቄው «ራስሽን በደህና አምጪ» ከማለት ሌላ መልስ ሰምቼ አላውቅም። ጫማው መቀደዱን የማውቀው እሱ ሲሰግድ በር ላይ ያወለቀውን ገልብጬ በማየት ነው። አስተዳደጉ ይመስለኛል። የተወለደው ከውጫሌ ወዲያ፣ ከአምባሰል ሥር ካለች መንደር ነው፤ አማቴም እንዲሁ ነበሩ። ቆመው መሄድ ባቃታቸው ጊዜ እንኳ «ትንሽ ደከመኝ እንጂ ደህና ነኝ» ይሉን ነበር። እወዳቸው ነበር፤ እንዲህ በማለታቸው ግን እስከ ዛሬ እናደዳለሁ።

እውነቱን ለመናገር በሽታው የሁላችንም ነው፤ የባሌ ባሰ እንጂ። እኛ ዘንድ እንግዳ ሆኖ የሄደ ሰው እየራበው «ጠገብኩ» ይላል፤ ባለቤቱ ደግሞ «ወላሂ አልጠገብክም» ብሎ ያጎርሰዋል። ታክሲ ውስጥ አንዱ ከመቀመጫው ይነሳል፣ የተነሳለት ሰው ትከሻውን ይዞ መልሶ ያስቀምጠዋል። ወጉ ሁለት ሰው ይፈልጋል፤ አንዱ የራሱን የሚተው፣ ሌላው «አትተውም» ብሎ የሚከለክል። ሁለቱም ድርሻቸውን ከተወጡ ማንም ሳይጎዳ ሁሉም ተከብሮ ይለያያል። ሁለተኛው ሰው ከጠፋ ምን እንደሚሆን ግን አስቤው አላውቅም ነበር።

በዚያ ዓመት ከላይ የሚመጣልን ድጎማ ቀነሰ። ገበያውም ቀዝቅዞ ስለነበር ከነጋዴው የሚሰበሰበው እንደታሰበው አልሆነም። ምክር ቤቱ ተጠራ። የገንዘብ ጽሕፈት ቤት ኃላፊው ከሌላ ዞን ተዛውሮ የመጣ፣ ገና ከማናችንም ጋር ያልተላመደ ጎልማሳ ነበር። ቆሞ ነገሩን በግልጽ አስረዳን። ያቀድነውን ሁሉ መሥራት አንችልም፤ ወይ ከሁሉም ትንሽ ትንሽ እንሸርፋለን፣ ወይ የተወሰነውን ትተን የቀረውን በደንብ እንሠራለን፤ ምርጫው የእናንተ ነው አለ።

ጡረታ የወጡት መምህር መጀመሪያ እጃቸውን አወጡ። እኝህ ሰው የከተማውን ግማሽ ሰው ፊደል ያስቆጠሩ ናቸው፤ እኔንም ጭምር። «ከሁሉም ትንሽ ትንሽ ከቀነስን ሁሉም ነገር ግማሽ ሆኖ ይቀራል። በግማሽ ድልድይ ደግሞ ማንም አይሻገርም» አሉ። ሁላችንም በዚህ ተስማማን። የምንተወውን ለመምረጥ ተነሳን፤ ጉዳችንም እዚያ ላይ ፈላ።

የከብት ነጋዴው ሐጂ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እኔ የምለው፣ የኛ የመቃብር አጥር ይቆይ። ሙታን አይቸኩሉም። ወደ እስጢፋኖስ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለው ድልድይ ግን ይሠራ። ክረምት ሲገባ የቆሎ ተማሪዎቹ በጭቃ ውስጥ ነው የሚሻገሩት፤ እኛ እያየን።»

«ሐጂ፣ ይህንን እንዳልሰማሁ ይቆጠርልኝ» አሉ መምህሩ። «ጅብ መቃብር እየገባ እኛ ድልድይ እንሥራ? በምን ዓይናችን እንሻገርበታለን? ድልድዩ ይቆይ፣ አጥሩ ይታጠር። እኛ ጫማ አውልቆ መሻገር ለምደናል።»

«ወላሂ አይሆንም፣ መምህር።»

«በእስጢፋኖስ ይዤዎታለሁ፣ ሐጂ።»

«ኧረ እንደሱ አይያዙኝ! የያዙኝን ይልቀቁኝና እንነጋገር።»

ሁለቱ ሽማግሌዎች ቆመው ሲከራከሩ አንዱ ለሌላው ነበር የሚከራከረው። ነገሩ እንደ ጉንፋን ተዛመተ። ከላይኛው ሰፈር የተመረጠችው ሴት የውሃ መስመሯን ተወች፤ የመናኸሪያው ሰፈር ተወካይ «ኧረ እሷ ውሃ ሳታገኝ» ብሎ የመጸዳጃ ቤቱን ግንባታ ተወ። እኔም ሞቅ አለኝና ያን ሁሉ የጮህኩበትን የገበያ መብራት በገዛ አፌ ሰጠሁ። «ምን ሆነሽ ነው አንቺ! ጨርቅሽን በምን ብርሃን ልታሳዪ ነው?» ብለው አዳራሹ ሙሉ ተንጫጩብኝ። ደስ አለኝ። እንዲህ ካሉ ሰዎች መሀል መወለዴን አመሰገንኩ፤ አሁንም አመሰግናለሁ። ለምሳ ስንነሳ ግን ሁሉም ነገር ተሰጥቶ ሁሉም ነገር ተመልሶ ነበር። ኃላፊው እስክሪብቶውን እንደያዘ፣ «ይቅርታ አድርጉልኝና፣ የተቀነሰው የቱ ነው?» ሲል ሳቅን። እሱ አልሳቀም።

ከምሳ በኋላ ተስፋ የቆረጠው ሰውዬ የራሱን ሐሳብ ይዞ መጣ። «አንድ ትራክተር አለ» አለ። «ናፍጣው፣ መለዋወጫው፣ ጎማው ተደምሮ ብዙ ይበላል። እሱ ቢቆም ሌላውን ማዳን ይቻላል። ነዋሪው ቆሻሻውን በየግቢው ሊያቃጥል ይችላል።»

ኃላፊው እንግዳ ስለሆነ ትራክተሩን ማን እንደሚነዳው፣ የሚነዳው ሰው ደግሞ የማን ባል እንደሆነ አላወቀም። ሌላው ሁሉ ያውቃል። ባሌም እዚያው ነበር፤ የጽዳት ሠራተኞችን ወክሎ ከኋላ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ሽቶው እኔ ያለሁበት ፊት ወንበር ድረስ ይሸተኛል።

ድልድዩ ሐጂ ነበሩለት። አጥሩ መምህሩ ነበሩለት። ውሃውም፣ መጸዳጃውም፣ የኔ መብራት እንኳ የሚሟገትለት ሰው አላጣም። ትራክተሩ ግን የአንድ ሰፈር አይደለም፣ የአንድ ሃይማኖትም አይደለም፤ በሁሉም በር ስለሚያልፍ የማንም አልነበረም። መሟገት የሚችል ሰው ቢነሳ ለኔ ያደላ ይመስልበታል። እኔ ብነሳ ባሏን ልታድን ነው እባላለሁ። ለመንገድ መብራት እስከ መናኸሪያ የተሰማው አፌ ተዘግቶ ቀረ። ሁሉም ዓይኑን ጠረጴዛ ላይ ጣለ።

ያኔ ባሌ ተነሳ። «የተከበራችሁ፣ ትራክተሩ ይቁም። እኔ አልከፋም» አለና ተቀመጠ።

የራሱን ተወ ማለት ነው። ወጉ በግማሽ ተፈጽሟል፤ ሌላኛው ግማሽ ይቀራል። እኔ ወደ መምህሩ አየሁ። መምህሩ ወደ ሐጂ አዩ። ሐጂ ወደ እኔ አዩና ዓይናቸውን መለሱ። አንድ ሰው «ኧረ አይሆንም» እስኪል ሁላችንም ጠበቅን፤ ሁላችንም ስለጠበቅን ማንም አላለም። አፈ ጉባኤው ድምፅ እንዲሰጥ ጠየቁ። ጉዳዩ ስለሚነካኝ ድምፅ አልሰጠሁም። የቀረው እጅ ሁሉ ቀስ እያለ ወጣ። ኃላፊው በእፎይታ ተነፈሰ።

ወደ ቤት ጎን ለጎን ሄድን። ብዙ ከሄድን በኋላ «ደህና ስብሰባ ነበር» አለኝ። ደሜ ፈላ።

«ለምን ተነሳህ? ማን ተነሳ አለህ?»

«ሁሉም አንቺን ፈርቶ ዝም ሲል አየሁ። እንዳትቸገሪ ብዬ ነው።»

«እምቢ የሚልልህ ይኖራል ብለህ ነው፣ አይደል?»

መንገድ ላይ የወደቀ የላስቲክ ጠርሙስ ነበር፤ ጎንበስ ብሎ አነሳውና ይዞት ሄደ። ግቢያችን በር ላይ ስንደርስ «አንድ ሰው ይላል ብዬ ነበር» አለ። ዕድሜውን ሙሉ ሌላውን ሰው ወንበሩ ላይ መልሶ ሲያስቀምጥ የኖረ ሰው ነው፤ እሱ ሲነሳ ትከሻውን የያዘው አልነበረም።

ባሌን የማዘጋጃ ቤቱ ግቢ ጥበቃ አድርገው መደቡት። የሚጠብቀው ከሌላው ነገር ጋር የቆመውን ትራክተር ነው። ደመወዙ ትንሽ ቀነሰ፤ እሱ ግን ያንን አንድ ቀን አላነሳውም። ቆመው የሚያወሩት ሰዎች እንደነገሩኝ ጠዋት ጠዋት ትራክተሩን በኦሞ ያጥበዋል፣ ሞተሩን አስነስቶ ጥቂት ያዳምጠዋል፣ ናፍጣው እንዳያልቅ ያጠፋዋል። ቤት ሲመጣ በርሜሉ አጠገብ አይቆምም። ሽቶውንም ተወው። አንድ ቀን ለምን አትቀባም ስለው «ምን ሸትቼ?» አለኝ። በሌላ ሰው ላይ ቢሆን የምስቅበት ነገር ነበር።

ልጃችን በስልክ ስትደውል ፊቷ ስክሪኑን ሞልቶ «አባዬ፣ ሽቶው አለቀ ወይ? ሌላ ልላክ?» ትለዋለች።

«ገና ነው ልጄ። አብሽሪ፣ ብዙ አለ» ይላታል።

ብልቃጡ መደርደሪያ ላይ እንደሞላ ተቀምጦ ያየኛል። በመጨረሻ ጨርቅ ጣል አደረግኩበት።

ከተማው መጀመሪያ ላይ ምንም የሆነ አይመስልም ነበር። ጨዋ ስለሆንን ቆሻሻችንን ሰው በሚያየው ቦታ አልጣልንም። እያንዳንዱ ቤት በማዳበሪያ ጠቅልሎ ከአጥሩ ጀርባ አኖረ። ከአጥሩ ጀርባ ሲሞላ ወደ ቦዩ ገፋው። ለማቃጠል የሞከረው ጭሱ ጎረቤት እንዳያስል ብሎ ተወው፤ በዚህም እርስ በርስ ተመሰጋገንን። ቦዩ ውስጥ ያለውን ግን ማንም የኔ ነው አላለም። የመጀመሪያው ትልቅ ዝናብ የወረደ ዕለት ቦዩ ተዘጋና ጎርፉ በገበያው መሀል መጣ። ሱቄ ውስጥ ታችኛው መደርደሪያ ላይ የነበረው የአቡጀዲ ጣቃ እንዳለ ጭቃ ጠጣ። የቀረው የላስቲክ ጉድ እየተንሳፈፈ ከከተማችን ግርጌ ወዳለው ሐይቅ ወረደ። መምህሩ ሱሪያቸውን ጠቅልለው በሱቄ በር ሲያልፉ ቆመው ጣቃዎቹን አዩ፣ እኔን አዩ፣ «አጠፋን» ብለው አለፉ። ከዚያ ከሁሉም ሱቅ ሰው እየወጣ በአካፋ ያወጣ ጀመር። ባሌም ከጥበቃው መጥቶ እስከ ጉልበቱ ቦዩ ውስጥ ገብቶ ነበር። ዕለቱን በርሜሉ አጠገብ ቆሞ ሲታጠብ በመስኮት አየሁትና ልቤ ደስ አለው፤ በጎርፍ ደስ ያለኝ ያን ቀን ብቻ ነው።

የበጀት ማስተካከያ ስብሰባ ተጠራ። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም አልልም፤ ተኝቻለሁ፣ ግን ቁጣዬ አብሮኝ አድሮ አብሮኝ ተነሳ። የተቆጣሁት በኃላፊው አልነበረም። በሐጂና በመምህሩም አልነበረም፤ እንዴት ብዬ እቆጣቸዋለሁ። የተቆጣሁት በዚያ በምወደው ወጋችን ላይ ነው። ለመሶብ ዙሪያ የሚሆን ደግነት ለምክር ቤት እንደማይሆን ማንም አልነገረንም። መሶብ ዙሪያ የተቀመጠውን ሰው ታየዋለህ፣ መራቡን ከዓይኑ ታውቃለህ። ከተማ ላይ ግን አይታይም። የሚያጣው ሰው እዚያው ተቀምጦ ካልተናገረ፣ ቁረጡ ስትባል የምትቆርጠው ዝም ያለውን ነው።

ስብሰባው እንደተከፈተ እጄን አወጣሁ።

«እኔ በትራክተሩ ጉዳይ ድምፅ አልሰጥም። የሚነዳው ባሌ ነው፤ የማያውቅ ካለ ይኸው ይወቅ» አልኩ።

የኃላፊው እስክሪብቶ ከእጁ ወደቀ። «ባለቤትዎ ናቸው እንዴ?» አለና ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። አሳዘነኝ።

«ግን አንድ ነገር እንድታስይዙልኝ እፈልጋለሁ። ዛሬ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ማንም የራሱን አይስጥ። ለሌላውም አይለምን። እያንዳንዱ ሰው የሚያስፈልገውን፣ ለምን እንደሚያስፈልገው፣ በራሱ አፍ ይናገር። ሁሉም ከተናገረ በኋላ ነው መቁረጥ ያለብን። የማናውቀውን ነገር ነው እስካሁን የቆረጥነው።»

ልብሳችሁን አውልቁ ያልኳቸው ይመስል ሁሉም ተሸማቀቀ።

«አንቺ ልጅ፣ በዚህ ዕድሜዬ ልታስለምኚኝ ነው?» አሉ ሐጂ።

«አዎ፣ ሐጂ።»

ሐጂ ተነሱ። ከዘራቸውን ተደገፉ፣ አሳሉ፣ ጣሪያውን አዩ። «እንግዲህ... የመቃብሩ አጥር ያስፈልገናል» አሉ በቀስታ። «የእናቴ መቃብር ዳር ላይ ነው። ጅቡ የሚገባው በእሷ በኩል ነው። ጠዋት ጠዋት እየሄድኩ አያለሁ።» ተቀመጡ።

ከሳቸው ጋር ስንት ዘመን የኖርን ሰዎች ይህን አላወቅንም። መምህሩ ብዙ ጊዜ ሐጂን ሲያዩ ቆዩና እሳቸውም ተነሱ። «ድልድዩ ያስፈልገናል። እኔ ራሴ ባለፈው ክረምት ወድቄበታለሁ። ጉልበቴ ከዚያ ወዲህ ልክ አይደለም። የእስጢፋኖስን በዓል ከቤቴ ነው የዋልኩት፤ አሞኛል ብዬ ዋሸሁ።» ሐጂ «ያ አላህ» ብለው እጃቸውን ያዟቸው። እንዲህ እያልን ዞርን። የላይኛው ሰፈር ሴት ውሃ ስትቀዳ የምትነሳበትን ሰዓት ነገረችን። እኔም መብራቴን እፈልጋለሁ አልኩ፤ ያለ መብራት ሱቄን በጊዜ መዝጋት እንዳለብኝ ተናገርኩ። ማንም «ኧረ እሷ» ብሎ አልዘለለም። እንዳይዘል ያልኩት ራሴ ነኝ፤ ያም ሆኖ ትንሽ ከፋኝ።

መጨረሻ ላይ አፈ ጉባኤው ወደ ኋላ ወንበር አዩ። «ከጽዳት?» አሉ።

ባሌ ተነሳ። ያን ዕለት ሽቶ አልተቀባም ነበር። ነጭ ኮፍያውን ከራሱ አውርዶ በእጁ ያዘው። «እኔ እንግዲህ... እንደወሰናችሁት» አለ።

ወንበሬን በሁለት እጄ ጨብጬ ያዝኩ። ለሱ መናገር እችላለሁ፤ ዕድሜዬን ሙሉ የሚፈልገውን ከጫማው ስር እያነበብኩ ስናገርለት ኖሬያለሁ። ግን ደንቡን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ያኔ የተናገረው ማንም ያልጠበቀው ሰው፣ ኃላፊው ነው። ከወንበሩ ተነሳና «ጋሼ፣ የጠየቅንዎ የኛን ውሳኔ አይደለም። እርስዎ ምን ይፈልጋሉ?» አለው።

ባሌ ኮፍያውን አንዴ ወደ ቀኝ አንዴ ወደ ግራ አዞረ።

«ሥራዬን እፈልገዋለሁ» አለ።

ድምፁ የሱ አልመሰለኝም። አንዴ ከወጣ በኋላ ግን ቀጠለ። «ከተማው ሲቆሽሽ በር ላይ ቁጭ ብሎ ማየት ከበደኝ። ጎማውም አንድ ቦታ ቆሞ እያለቀ ነው። ሰዉ ቆሻሻውን ይዞ በር ላይ ሲጠብቀኝ ነበር፤ ሰላም እየተባባልን። እሱም ቀረብኝ። እፈልገዋለሁ።»

ሐጂ ከዘራቸውን መሬት ላይ መቱ። «ወላሂ ይገባዋል» አሉ። ያ የጎደለው ሁለተኛ ሰው ዘግይቶም ቢሆን መጣ። እዚያው በሰው ፊት አለቀስኩ፤ ማንም ያላየ መስሎ አለፈኝ፤ ይህኛው ወጋችን ደግ ነው፣ አይቀየር።

ከዚያ በኋላ መቁረጡ ቀላል ሆነ አልልም፤ ግን የምንቆርጠውን እያየን ነበር። መጀመሪያ የተቆረጠው የራሳችን ነው፤ የስብሰባ አበላችን፣ ምሳውና የታሸገው ውሃ፣ ከዚያም የኃላፊዎቹ መኪና ናፍጣ። ይህንን ስንወስን የአንዳንዶች ፊት ጠቆረ። አጥሩ በእናታቸው መቃብር በኩል ያለው ብቻ እንዲታጠር ሐጂ ራሳቸው ተስማሙ። ለድልድዩ ማዘጋጃ ቤቱ ሲሚንቶውን ሰጠ፤ ድንጋዩን ያመጣው ለቀብርና ለችግር የምንሰባሰብበት ቅሬ ነው፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም። የመናኸሪያው መጸዳጃ ቤት ለሌላ ዓመት ተላለፈ። የገበያው መብራት ተቆረጠ። አዎ፣ የኔ። ስፈልገው እየሰሙኝ፣ ለምን እንደምፈልገው እያወቁ ቆረጡት፤ ምሽት ላይ ሱቄን በዘጋሁ ቁጥር አሁንም አጉረመርማለሁ። ትራክተሩ ደግሞ ተመለሰ፤ እንደ በፊቱ በየቀኑ ሳይሆን ቀን ተለይቶለት። በቀሩት ቀናት ባሌ ጥበቃውን ይሠራል። ሁሉም አልተመለሰም፤ ያልተመለሰውን ግን ያጣው ሰው ማን እንደሆነ እናውቃለን፣ መንገድ ላይ ሲያገኘን ይወቅሰናል፣ እኛም ቆመን እንሰማለን። ከተማ ሲቸግረው ምክር ቤቱ ምን ያድርግ ብሎ የሚጠይቀኝ ካለ ከዚህ የተሻለ የማውቀው የለም።

ትራክተሩ ዳግም የወጣ ዕለት ከሱቄ ሆኜ ከሩቅ ሰማሁት። ሰዉ ማዳበሪያውን ይዞ በየበሩ ቆሞ ነበር። ባሌ በፊቴ ሲያልፍ ጡሩንባውን ነፍቶ «የተከበሩ!» ብሎ ጮኸ፤ ገበያው ሙሉ ዞሮ አየኝ። ጨርቅ የምታማርጠው ደንበኛዬ እንዳትሰማ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ሰደብኩት።

ማታ ላይ በርሜሉ አጠገብ ቆሞ ብዙ ታጠበ። ሎሚው ሸተተኝ። ገብቶ መደርደሪያው ላይ ያለውን ጨርቅ አነሳ፣ ብልቃጡን ከፈተና እንደ ልማዱ ከአንገቱ እስከ ክርኑ አደረሰው። ቤቱ ሠርግ ቤት ሆነ። እራት አቀረብኩ። አንድ ጎረሰ፣ ሁለተኛውን ጠቅልሎ አፉ ዘንድ ሳያደርስ መልሶ አኖረው።

«የተከበሩ» አለ።

«አቤት።»

«ጨው አንሶታል» አለ።

ተነሳሁና ጓዳ ገባሁ። የጨው ዕቃውን ከቦታው አነሳሁት። ከዚያ ግን ዕቃውን ደረቴ ላይ ይዤ በጨለማው ቆምኩ። ቆየሁ መሰለኝ ከወዲያ ተጣራ።

«ይምጣልኝ እንጂ» አለ።